ስንቅ የሌለው ቼክ

ቼክ ይዤ ባንክ የሄድኩት ረቡዕ ጠዋት ነበር፤ ጥር 15 ቀን 2016። ጥምቀት ካለፈ አራተኛ ቀኑ። ከተማው ገና ከበዓሉ አልነቃም። ገንዘብ ያዡ ልጅ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ኮምፒውተሩን አየ። «እናት፣ ትንሽ ይጠብቁኝ» አለኝ። ያኔውኑ ሆዴ ነገረኝ። ትንሽ ቆይቶ ማህተም የተመታበት ወረቀት አቀበለኝ። ምክንያቱ አንድ መስመር ናት፦ በቂ ስንቅ የለውም። ሒሳቡ ውስጥ ቼኩን የሚሸፍን ገንዘብ የለም ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ሳነብላት ሳቀች። «ኧረ ልጄ፣ ቼክም እንደ መንገደኛ ስንቅ ይቋጠርለታል?»

ይቋጠርለታል እማዬ። የእኔው ግን ባዶ እጁን ነው የመጣው።

ባሕር ዳር ውስጥ ሴራሚክና የሳኒተሪ ዕቃ እሸጣለሁ። ጥቅምት ላይ አንድ ተቋራጭ መጣ። ሽምብጥ በኩል፣ ወደ ሐይቁ የዞረ የእንግዳ ማረፊያ እየሠራ ነበር። (እኛ ጋ ተቋራጭ ሁሉ «ኢንጂነር» ነው። እኔም እንደዚያው ልጥራው።) የወለል ሴራሚክ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የሻወር ቧንቧ መረጠ። 286 ሺህ ብር ሆነ። ወዲያው የቼክ ደብተሩን አወጣና «እህቴ፣ ጥር 15 ልበልበት?» አለኝ።

ያ ቼክ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። እስክሪብቶውን በጣም ተጭኖ ነው የጻፈው፤ ጀርባውን በጣቴ ስዳብሰው ፊደሉ ይሰማኛል። «ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ ብር ብቻ» ይላል። «ብቻ» የምትለዋን ከሁሉ አድምቆ ጽፏታል። ጥግ ላይ ሁለት መስመር አስምሮበታል፤ በካሽ እንዳይወጣ፣ ወደ ሒሳብ ብቻ እንዲገባ። ካታሎግ ውስጥ፣ የቢጫ ሴራሚኮቹ ገጽ ላይ አስቀመጥኩት። ቢጫ ማንም ስለማይጠይቅ ገጹን የሚገልጠው የለም።

ለምን ተቀበልሽ የሚለኝ ብዙ ነው። ጊዜውን አስታውሱ እስኪ። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። የዋጋ ንረቱን ለማብረድ ነው ተባለ፤ ይሁን። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ትርጉሙ «ብድር የለም» ሆነ። በዚያው ወር ክልሉ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። መንገድ ይዘጋል፣ ሞባይል ዳታ የለም። ባንክ ሲነጥፍ ነጋዴው እርስ በርሱ መበዳደር ጀመረ። የብድር ውላችን ደግሞ ቼክ ነው። ቀኑን ሦስት ወር፣ አራት ወር ወደፊት ገፍቶ መጻፍ ነው።

የእህቴ ልጅ ጠበቃ ነው። የባንኩን ወረቀት ሳሳየው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «አክስቴ፣ ጥር 15 የሚለው በሕግ ዋጋ እንደሌለው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። በንግድ ሕጉ ቼክ እንደታየ የሚከፈል ሰነድ ነው። ወደፊት የተገፋ ቀን ቢጻፍበትም፣ ባቀረብሽው ቀን ይከፈላል ይላል። እና ጥቅምት ላይ ራሱ ይዤው መሄድ እችል ነበር! ይህን ለአንዲት የባንክ ሠራተኛ ስነግራት ግን «ቀኑ ሳይደርስማ አልከፍልም» ብላኛለች። ሕጉ ሌላ፣ መስኮቱ ሌላ።

ሕጉ የ1952 ነው። ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ማርቀቅ ጀመረ፤ እሱ ሲሞት ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሰው። በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቷል። የቼኩን ክፍል ግን አልነካውም። የምንነግደው አሁንም በአያቶቻችን ዘመን ቼክ ነው።

ከዚያ የእህቴ ልጅ ምርጫዎቼን ነገረኝ። በፍትሐ ብሔር በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስ ይቻላል፤ ተከሳሹ እንዲሁ መልስ መስጠት አይችልም፣ ለመከራከር በቃለ መሐላ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ወንጀልም አለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ደረቅ ቼክ፣ ማለትም ስንቅ የሌለው ቼክ፣ መስጠት እንደ ከባድነቱ እስከ 10 ዓመት ፅኑ እስራት ያስቀጣል።

10 ዓመት! ለሽንት ቤት መቀመጫ!

«ዕቃውን መልሼ ብወስድስ?» አልኩት። በ2011 የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1147 ነው። ተንቀሳቃሽ ንብረትን በመያዣነት ማስመዝገብ ይፈቅዳል። ዕቃውን ስሸጥ መብቴን ማስመዝገብ እችል ነበር አለኝ። ሴራሚኩ ግን በሲሚንቶ ተለጥፏል። ምኑን አንሥቼ ምኑን እተወዋለሁ?

እውነቱን ልናገር። ኢንጂነሩ ሲፈርም ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ እንደሌለው አውቅ ነበር። ቢኖረው ኖሮ ለምን ጥር 15 ብሎ ይጽፋል? ቼኩን የወደድኩት እስር ቤት ስላለበት ነው። ተራ ብድር ያልከፈለ አይታሰርም፤ ደረቅ ቼክ የሰጠ ግን ይታሰራል። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም ጮክ ብለን አንናገረውም። ጥሬ ገንዘብ እንዲተካ የተሠራውን ወረቀት የሰው አንገት ማስያዣ አድርገነዋል።

ፖሊስ ጋ አልሄድኩም። ሽማግሌ ላክሁ። ኢንጂነሩ ቤቴ መጣ፣ ቡና ተፈላ። እሱ ግን ስኒውን አልነካም። ከኮቱ ኪስ አንድ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሌላ ቼክ! የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ለእሱ የሰጠው ነው፤ ቀኑ መጋቢት። የእኔ ቼክ የእሱን ቼክ ይጠብቃል። የሰውዬው ደግሞ የማንን እንደሚጠብቅ እግዜር ይወቅ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሁለቱን ቼኮች ጎን ለጎን አድርገው መነጽራቸውን ቢያስተካክሉም ምንም አላሉም።

በቁርጥራጭ ከፈለኝ። መጀመሪያ 100 ሺህ፤ ከዚያ 30፣ ከዚያ 20፣ አንዳንዴ 5 ሺህ። አንዱን ክፍያ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ በቴሌብር ልኮ ከእንቅልፌ ቀስቅሶኛል። 46 ሺህ ብር እስከ ዛሬ ይቀረዋል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀድሞ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ደንበኛ መጣ። ደህና ዕቃ መረጠ፤ በዋጋም ተስማማን። ከዚያ የቼክ ደብተሩን ገለጠና «ስንት ቀን ልበልበት?» አለኝ።

«የዛሬን» አልኩት። «ካልሆነ ባንክ ገንዘቡን አስይዘህ ሲፒኦ አሠርተህ ና።»

ፈገግ አለ፣ ደብተሩን ኪሱ ከተተ። «እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ከሰዓት በር ላይ ቆሜ አየሁት። ከጎረቤቴ ሱቅ ፊት አይሱዙ አቁሞ ሴራሚክ ያስጭናል። አንዱ ካርቶን ቢጫ ነበር።