ፎቶ ከማሳጠባችን በፊት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ

በዲጂታል ካሜራ የተነሣ ፎቶ ሚሞሪ ካርድ ውስጥ እስካለ ድረስ ለቤተሰብ ደርሷል ብዬ አላምንም። ስልክ መነካካት የማይሆንላቸው እናቶቻችን የልጃቸውን ሠርግ ለጎረቤት ማሳየት የሚወዱት በወረቀት ነው። ይሁን እንጂ ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ቅር የሚያሰኘን ጉድለት በአብዛኛው የሚመነጨው ፎቶ ቤት ከመሄዳችን በፊት ሳናየው ካለፍነው ነገር ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው የወረቀቱ መጠን ጉዳይ ነው። ሌንሳቸው የሚቀያየር አብዛኞቹ ካሜራዎች የሚያነሡት ፎቶ የጎኖቹ ምጥጥን 3 ለ 2 ሲሆን፣ ስልኮችና ብዙ ትናንሽ ካሜራዎች ግን 4 ለ 3 ያነሣሉ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነው የተለመደው ወረቀት ለመጀመሪያዎቹ ልክ ነው። በ4 ለ 3 የተነሣ ፎቶ ግን የወረቀቱን 15 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ቁመቱ 11.25 ስለሚሆን፣ ከላይና ከታች በድምሩ 1.25 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል። 13 በ18 ወረቀት ላይ ደግሞ ተጎጂው የ3 ለ 2 ፎቶ ነው፤ ቁመቱ 13 ሲሆን ርዝመቱ 19.5 ስለሚደርስ ከግራም ከቀኝም ሦስት ሩብ ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠፋል። ይህ ለወሬ ትንሽ ቢመስልም፣ ሙሽሮቹን መሐል አድርጎ ቤተ ዘመዱ በተሰለፈበት ፎቶ ላይ የአንድ ሰው ግማሽ ፊት ነው፤ ዳር ላይ የሚቆሙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ተጠርተው የመጡ አክስቶችና ሕፃን የታቀፉ እናቶች ናቸው። ስለዚህ የምንፈልገውን የወረቀት መጠን አስቀድመን ወስነን፣ የት ላይ እንደሚቆረጥ ራሳችን በኮምፒውተር ማስተካከል አለብን፤ ሰው የሌለበት የሚቆረጥ ቦታ ማግኘት ካልተቻለ ደግሞ ነጭ ጠርዝ ተትቶ ፎቶው ሙሉውን እንዲታተም ማዘዝ ይሻላል።

የሜጋ ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች በሚሊዮን ሲቆጠሩ) ነገር ያን ያህል ሊያስጨንቅ አይገባም። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሚለው የኅትመት ልክ ቢሰላ እንኳ ለ10 በ15 ፎቶ 1200 በ1800 ፒክስል ገደማ፣ ማለትም ከ2 ሜጋ ፒክስል ጥቂት የሚበልጥ ይበቃል፤ ለ20 በ30 ደግሞ ወደ 9 ሜጋ ፒክስል የሚጠጋ ነው የሚያስፈልገው። ፎቶን የሚጎዳው አላላኩ ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ መጠኑን ይቀንሰዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ከተቻለ ዋናውን ፋይል በፍላሽ ይዞ መሄድ ከሁሉም ይሻላል።

ቀለምና ብርሃንን በተመለከተ፣ ስክሪን ከውስጡ ስለሚያበራ እዚያ ላይ ደምቆ የታየው ፎቶ ወረቀት ላይ ጠቆር ብሎ ይወጣል። በእኛ ፎቶዎች ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ጠይም ፊት ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ በራሱ የሚያስተካክለው ማሽን ነጩን ለማብረድ ሲል ፊቱን ያጨልማል፣ ወይም ፊቱን ለማብራት ሲል የነጠላውን እጥፋት ያጠፋዋል። ስለዚህ ብዙ ፎቶ ከማዘዝ በፊት አንዱን በትንሽ መጠን አሳጥቦ ደጅ ወጥቶ በቀን ብርሃን ማየት፣ ፊቱ ከጠቆረም ባለሙያው የራስ ሰር ማስተካከያውን አጥፍቶ ብርሃኑን በእጁ እንዲያስተካክል መጠየቅ ተገቢ ነው። ካሜራው አዶቤ አርጂቢ በተባለው የቀለም ምርጫ ላይ ከሆነም ወደተለመደው የቀለም ምርጫ፣ ወደ ኤስአርጂቢ፣ መመለስ ይኖርበታል፤ አለዚያ ቀለሙ ደብዝዞ ሊወጣ ይችላል።

ፎቶው ከታጠበ በኋላ ከጀርባው የሰዎቹን ስም ከነዝምድናቸው፣ ቦታውንና ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ካሜራው የሚመዘግበው በፈረንጆች ቀን ነው፣ ያውም ሰዓቱ በትክክል ከተሞላ። እስክሪብቶ ተጭነው ሲጽፉበት ፊት ለፊት ድረስ ስለሚያጎደጉድ፣ ቶሎ በሚደርቅ ቀጭን ማርከር ከዳር በኩል ጽፎ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቆ አልበም ውስጥ ማስገባት ነው።