የሴቶች ገጽ ጸሐፊዎችን ከድሮ ጋዜጣ ለይቼ ያወጣሁበት መንገድ

በአሜሪካና በእንግሊዝ ጋዜጦች ስለ ምግብ፣ ፋሽንና ፊልም የጻፉ ሴቶችን ታሪክ ስሰበስብ ፍለጋዬን የምጀምረው ከሰው ስም ሳይሆን ከዓምድ ርዕስ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስም እዚህ ያሳስታል። ብዙ ጊዜ የጋዜጣው ንብረት እንጂ የጸሐፊዋ አልነበረም። የኸርስት ኩባንያ ባሳተማቸው የአሜሪካ ጋዜጦች «ፕሩደንስ ፔኒ» በሚል ስም የምግብ ገጽ ያዘጋጁ የነበሩት በየከተማው የተለያዩ ሴቶች ናቸው። በቺካጎ ትሪቢዩን የፊልም ሂስ ሥር ይወጣ የነበረውን «ሜይ ቲኒ» የሚል ስምም ጸሐፊዎች ተፈራርቀውበታል። ሲ. ኤ. ለዠን በበኩሏ በ1922 በማንቸስተር ጋርዲያን የፊልም ዓምዷን ስትጀምር የምታሰፍረው የስሟን መነሻ ፊደላት ብቻ ስለነበር አንባቢው ሴት መሆኗን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ወይ ሦስት ሴቶችን አንድ ያደርጋል፣ ወይ ጨርሶ ያልፋቸዋል።

ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ መስመር እከፍታለሁ፤ ቀን፣ እትም፣ ገጽ፣ የዓምዱ ርዕስ፣ ርዝመቱ በኢንች፣ ጎኑ ያለው ማስታወቂያ። «የታተመው ስም» እና «ትክክለኛዋ ጸሐፊ» የተለያየ ቦታ ይኑራቸው፤ ሁለተኛው ማስረጃ እስኪገኝ ባዶ ይቆይ። ለማስረጃ ኢዲተር ኤንድ ፐብሊሸር የተባለው የጋዜጣ ሙያ መጽሔት ዓመታዊ መጽሐፍ የየጋዜጣውን ክፍል አዘጋጆች ይዘረዝራል። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ደግሞ ከ72 ዓመት በኋላ ስለሚከፈቱ የ1950ው ከ2022 ጀምሮ ይታያል፤ የሴትዮዋን ሥራም ጽፎታል። ያገባች ሴት በአንዳንድ ሰነድ ላይ በባሏ ስም «ሚስስ እገሌ» ተብላ ብቻ ስለምትገኝ ሁለቱንም ስም መያዝ ያስፈልጋል።

ዲጂታል የሆኑ ጋዜጦች ሌላ ጣጣ አላቸው። የገጹን ምስል ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ማሽን አንዳንዴ ጠባቡን ዓምድ ወደ ታች ከማንበብ ይልቅ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፤ መስመር መጨረሻ ላይ በሰረዝ የተቆረጠ ስምም አይገኝም። የምግብ ጸሐፊዋን ክሌመንታይን ፓድልፎርድን ፈልጎ «ፓድልፎርድ» ብሎ ጽፎ ጥቂት ውጤት ያገኘ ሰው የስሙን ግማሽ ይሞክር። ያም ካልሆነ ገጹን በቀን ከፍቶ በዓይን ማየት ነው።

ናሙና አወሳሰድ ላይ ነው ብዙ ጥናት የሚበላሸው። ለዕለታዊ ጋዜጣ የተለመደው አሠራር በዓመት 14 እትም መውሰድ ነው፤ ከየሳምንቱ ቀን ሁለት ሁለት። ለፖለቲካ ዜና ይሠራል። የምግብ ገጽ ግን ሸማቹ ቅዳሜና እሁድ ከመድረሱ በፊት ግሮሰሪዎች ማስታወቂያ ስለሚያወጡ በብዛት ረቡዕ ወይም ሐሙስ ነው የሚወፍረው። በ14 እትም ውስጥ ሐሙስ ሁለቴ ብቻ ይገባል። ስለዚህ በየሩብ ዓመቱ የአንድ ወር ረቡዕና ሐሙስ በሙሉ እወስዳለሁ። ለፋሽን የፓሪስ ትርኢቶች ይታዩባቸው የነበሩትን የጥር መጨረሻና የሐምሌ መጨረሻ ሳምንታት ከተከታዮቻቸው ጋር እጨምራለሁ። የፓሪስ ፋሽን ቤቶች ፎቶና ንድፍ እንዳይወጣ ለሳምንታት ያግዱ ስለነበር ሥዕል የሌለው ረጅም የቃላት ዘገባ የገንዘብ እጥረት ምልክት አይደለም፤ ዘጋቢዋ ልብሱን በቃል ብቻ ማሳየት ነበረባት።

ከዚያ ይዘቱን መመደብ ይመጣል። ጄን ኒከርሰን ከ1942 እስከ 1957 የኒው ዮርክ ታይምስ የምግብ አዘጋጅ ነበረች፤ ቢሆንም የጋዜጣው የምግብ ዘገባ ከተተኪዋ ከክሬግ ክሌይቦርን የጀመረ ይመስል የሚተረክበት ጊዜ አለ። በእርሷ ዘመን፣ በ1943፣ የወጣ የምግብ ዓምድ ሲነበብ ቀይና ሰማያዊ ቴምብር፣ ነጥብም ይጠቀሳል። ቀዩ ለሥጋ፣ ለቅቤና ለስብ፣ ሰማያዊው ለታሸገ ምግብ የተሰጠ የራሽን (በጦርነቱ ምግብ በኮታ የሚገዛበት) ቴምብር ነው፤ ነጥቡ ደግሞ ለአንድ ምግብ የሚያስፈልገው የቴምብር መጠን ነው። ይህን ያላወቀ መዳቢ ጽሑፉን «የምግብ አሠራር» ብሎ ያስቀምጠዋል። በእኔ ሰንጠረዥ «ዋጋና አቅርቦት» የሚል ምድብ አለ፤ የጦርነቱ ዘመን የምግብ ገጽ ለቤት እመቤት የቀረበ የኢኮኖሚ ዜና ነበርና።

ከኩባንያ የታደለ ጽሑፍን ለመለየት ከመሃሉ ስምንት ያህል ቃላት በጥቅስ ምልክት ከትቼ በዚያው ሳምንት የወጡ ሌሎች ጋዜጦች ላይ እፈልጋለሁ። ቃል በቃል ከተደገመ የዚያች አዘጋጅ ሥራ አይደለም። በብዙ ጋዜጦች ይሠራጩ የነበሩት የሆሊዉድ ወሬ ጸሐፊዎቹ የሉዌላ ፓርሰንስና የሄዳ ሆፐር ዓምዶችም ይደገማሉ፤ እነርሱ ግን ስም አላቸው። የትንሽ ከተማ ጋዜጣ ቦታ ሲጠበው ከግርጌ ይቆርጣቸዋልና ሙሉውን ከዋናው ጋዜጣ ማንበብ ይሻላል። የሆፐር ወረቀቶች ካሊፎርኒያ፣ ቤቨርሊ ሂልስ ማርጋሬት ሄሪክ ቤተ መጻሕፍት፣ የክሌመንታይን ፓድልፎርድ ደግሞ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

በ1969 ዋሽንግተን ፖስት የሴቶች ገጹን «ስታይል» በሚል ክፍል ተካ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከዚያ በኋላ «የሴቶች ገጽ አዘጋጅ» የሚለው ማዕረግ ከዓመታዊ መጽሐፉ እየጠፋ ስለሚሄድ ፍለጋው በሴትዮዋ ስም ይቀጥላል። ስሟ ሲጠፋ ከኃላፊነት ተነሥታ ይሁን ሥራውን ትታ የሚለየው በሌሎች ገጾች ላይ መጻፏን መቀጠሏ ነው፤ ለዚህም የሚቀጥሉትን ስድስት ወራት እትሞች ማገላበጥ ግድ ይላል።