ከእንግዳ ጋር የሚገባ ስኳር

ነገሩ የተጀመረው ከባለቤቴ ጣት ነው። ጉንፋን አስቸግሮት ክሊኒክ ሄደ። ባለሙያዋ "ቁርስ ካልበሉ እግረ መንገድዎን ስኳርዎን እንየው" ብላ ጣቱን ወጋችው። 118 ወጣ። በባዶ ሆድ ተለክቶ 126 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሲደገምም እዚያው የተገኘ ሰው ነው ስኳር አለበት የሚባለው። "እርስዎ ገና አልገቡም፤ ግን በሩ ላይ ነዎት" አለችው። ይህን ቤት መጥቶ ሲነግረኝ ሻይ እየጠጣ ነበር። ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያደረግሁበትም እኔው ነኝ።

የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አምስት ነን፤ እኔና ባለቤቴ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጅ፣ አራት ዓመት የሞላት ትንሿ።

በወር ስንት ስኳር እንደምንጨርስ ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ቆጠርኩ። ስድስት ኪሎ! ለአምስት ሰውና ለ30 ቀን ሲካፈል ለእያንዳንዳችን በቀን 40 ግራም ይደርሰናል። ለስላሳው፣ ብስኩቱ፣ ማርማላታው፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ደጅ የሚገዙት ከረሜላ ሳይቆጠር ነው ታዲያ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ፣ ከተጨመረ ስኳር የምናገኘው ጉልበት በቀን ከምናገኘው ሁሉ ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው። ይህ ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው።

ስድስት ማንኪያ ሲባል ትንሽ ተጽናናሁ። ከዚያ የራሴን የሻይ ማንኪያ ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ከት ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን መዘነልኝ። ቤት እንደምንጨልፈው አድርጌ የጨለፍኩት አሥር ማንኪያ 70 ግራም ሆነ። የመመሪያው ማንኪያ አራት ግራም ነው፤ የኔ ሰባት። ምን ይደረግ፣ እኛ አገር ስፍር ያለ ቁልል ንፉግ ያሰኛል።

ፍልሰታ ደርሳ ነበር። ልጆቹም ስለሚጾሟት ጥሩ አጋጣሚ መሰለኝና ነሐሴ 1 ጠዋት የቀረውን ስኳር ጠራርጌ ለጎረቤት ሰጠሁ። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው። በጾም ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ። የቀረቻቸውን አንዲት ጣፋጭ ነገር ነጠቅኋቸው። በሦስተኛው ቀን ወንዱ ልጄ ጎረቤት ተቀምጦ፣ እኔው በሰጠሁት ስኳር የጣፈጠ ሻይ ሲጠጣ ደረስኩበት። ለቡሄ ሆያ ሆዬ ጨፍሮ ያገኛትን ብር በሙሉ ለስላሳ ገዛባት። ባለቤቴ ደግሞ ቤት ውስጥ መራራ ሻይ እየጠጣ ጻድቅ መሰለኝ። ቢሮው አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሴት በኋላ እንዳጫወተችኝ ግን፣ እዚያ አራት ማንኪያ ነበር የሚያስደርገው።

ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ እንደገና አሰብኩ። አሁን ስገምተው ከሁሉም በላይ የሠራው በጣም ቀላሏ ነገር ናት፤ ሻዩን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ማጣፈጥ ተውኩ። እኛ ቤት ስኳር የሚገባው ከነማንቆርቆሪያው ነበር። መጠኑን የሚወስነው ደግሞ ከሁሉም በላይ ጣፋጭ የሚወደው ሰው ነው። ለካ ትልቋ ልጄ አንድ ማንኪያ ይበቃት ኖሯል! ዓመት ሙሉ በአባቷ ምላስ ስትጠጣ ከርማለች። እያንዳንዱ ለራሱ ስኒ ይጨልፍ ስል ብቻ ስድስቱ ኪሎ ወደ አራት ወረደ። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስን ሄድን። ሻዩ ላይ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል አበዛሁበት፤ አንዳንዴም ጦስኝ። ኅዳር ላይ ባለቤቴ ስብሰባ ሄዶ ጣፍጦ የቀረበለትን ሻይ ቀምሶ አስቀመጠው። "ሽሮፕ ሽሮፕ አለኝ" አለኝ ማታ። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ውስጤ ግን እልል ብሏል።

በመካከል አንድ ሞኝነት ሠርቻለሁ። ከፋርማሲ በስኳር ፋንታ የሚጨመረውን እንክብል ገዛሁ። ሻዩ ጣፈጠ፤ ልጆቹ ግን ጣፋጭ ፍለጋቸውን ትንሽም አልቀነሱ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ እነዚህን ማጣፈጫዎች አትጠቀሙ የሚል ምክር አውጥቷል። የቀረውን ጣልኩት።

አሁን ወደ ማሩ ልምጣ። እዚህ ላይ ጎጃሜ አንባቢ ይቀየመኝ ይሆናል።

ስኳር ሲቀንስ ማር ይተካል ብዬ ነበር። ደግሞስ ማር ማን አገር ሆኖ! ጥቅምትና ኅዳር አደይ አበባውና መቹ ሜዳውን ቢጫ አድርጎ ከከረመ በኋላ ማር የሚቆረጥበት ጊዜ ነው። ገበያ ወጥቼ ሦስት ኪሎ ገዛሁ። ቂጣ በማር፣ ሻይ በማር፣ በሶ በማር። በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ። ስኳሩ ቀነሰ እያልኩ ስፎክር፣ የማሩን ስሌት ያሠራችኝ ትልቋ ልጄ ናት። "እማዬ፣ ሦስት ኪሎ በ14 ቀን ለአምስት ሰው እኮ በቀን ከ40 ግራም በላይ ነው!" አለችኝ። ዞሬ ዞሬ እዚያው ነኝ። መመሪያውም ማርን ከስኳር አይለይም፤ ሻይ ውስጥ የገባ ማር ከስድስቷ ማንኪያ ላይ ይቆጠራል። ይህን ለመቀበል ከሁሉም በላይ ከበደኝ። እኛ ማርን መድኃኒት ብለን ነው ያደግነው። በነገራችን ላይ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ጭራሽ አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ፣ መርዝ የሚያመነጭ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል፤ የሕፃን አንጀት ደግሞ አይችለውም። የእህቴ አራስ ቤት ይህን ተናግሬ አክስቶቼ ለአንድ ወር ኮርፈውኛል።

የባሰው ደግሞ ሁለተኛው ግዢዬ ነው። ርካሽ አገኘሁ ብዬ የገዛሁት ማር ስኳር የተቀላቀለበት ነበር። ማር የሚያነጥር አንድ ዘመዳችን ቀምሶ ነው የነገረኝ። ሰዉ "ማሩ ከረጋ ስኳር አለበት" ይላል፤ ይህ ግን ልክ አይደለም። ንጹሕ ማርም ይረጋል። በክብሪት መለኮሱም፣ በውሃ መፈተኑም አላዋጣኝም። ከሚያውቁት ሰው መግዛት ነው መላው። እኔማ ከስኳር ስሸሽ ስኳርን በማር ዋጋ ገዛሁ። ዛሬ ማር እኛ ቤት አለ፤ የሚወጣው ግን ለእሑድ ቁርስና ለበዓል ብርዝ ነው። እንዲህ ሲሆን ልጆቹም የማር ቀን ብለው ይጠብቁታል።

የታሸገ ነገር ላይ ብዙ አልቆይም። ጽሑፉን አንብቡ፤ ከሁሉም በላይ የበዛው ነገር በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ነው የሚጻፈው። ስኳር የሚል ባታገኙ እንኳ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮዝ፣ ፍሩክቶስ የሚል ካለ ያው ነው። ካቻፕ ውስጥ አለ፣ የሕፃናት ምግብ ውስጥ አለ፣ "ጁስ" የሚል ካርቶን ውስጥ አለ። ለወንዱ ልጄ የለስላሳ ጠርሙስ ሰጥቼ የሒሳብ የቤት ሥራ አስመሰልኩት። በ100 ሚሊ ሊትር ከ10 ግራም በላይ ነበረው። ጠርሙሱ 300 ነው። አባዝቶ ሲጨርስ ዝም አለ። ከዚያ "ታዲያ ለምን ይሸጡታል?" አለኝ። እኔም መልስ አጣሁለት። ጁስ ቤት ስንገባ ደግሞ አፌን ከፍቼ "ያለ ስኳር" ማለትን ለመድኩ። የበሰለ የፍኖተ ሰላም ማንጎ ላይ ስኳር መጨመር ለነገሩ ማንጎውን መስደብ ነው።

የትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ግን አስለቅሶኛል። በብስኩቱ ፋንታ የገብስ ቆሎ ከሱፍ ጋር አደረግሁለት። ልጁ ሳይነካው መልሶት መጣ። "የገጠር ልጅ አሉኝ" ብሎ አለቀሰ። እናት ሆኖ ይህን መስማት ከባድ ነው። ወደ ብስኩቱ ልመለስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከዚያ ለውዝ ጨመርኩበት፤ ሙዝም ዳቦም አደረግሁለት፤ ቆሎውንም ለጓደኞቹ እንዲበቃ አድርጌ አበዛሁት። የሚያካፍል ልጅ አይሰደብም። አሁን ከእሱ ክፍል ልጆች ሁለቱ "የእናትህን ቆሎ አምጣ" እያሉ ይልኩብኛል። ትልቋ ደግሞ ጭብጦ ወዳለች። በሶውን በውሃ፣ በጨውና በትንሽ በርበሬ አሽታ ጨብጣ ትይዛለች። የቆሎ ተማሪ ስንቅ መሆኑን ስነግራት የበለጠ ኮራችበት።

አማቴ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ከስናን ነው የሚመጡት፤ ገብስና በሶ ጭነው። ሻይ ሳቀርብላቸው ስኳሩን በትንሽ ዕቃ ለብቻው አስቀመጥኩ። ስኒውን አዩት፣ ዕቃውን አዩት፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩት። ምንም አላሉም። ማታ ጓዳ ገብተው በሹክሹክታ፣ "ልጄ፣ ቸገራችሁ እንዴ? ለምን አልነገራችሁኝም?" አሉኝ። እኔ "ኧረ እማማ፣ ለጤና ብለን ነው" አልኳቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም። በማግስቱ ወንዱን ልጄን ወደ ሱቅ ልከው ሁለት ኪሎ ስኳር አስገዙት። ለእኛ አዝነው፣ ከገብሳቸው ሽያጭ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ የታገልኩት ከምላስ ጋር መስሎኝ ነበር። ስኳሩ የተቀመጠው ግን ይሉኝታ ውስጥ ነው። ለእንግዳ ለስላሳ ካልተከፈተ አልተከበረም። ሻይ ካልጣፈጠ ቤቱ ተቸግሯል። የታመመ ለመጠየቅ ስኳር ይዞ መሄድ ነው፣ አራስ ቤትም ስኳር፣ ለቅሶ ቤትም ስኳርና ቡና። ቤተሰቤን ማሳመን ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ ሰፈሩን ማሳመን ግን እስከ ዛሬም አልጨረስኩም።

ያቃለሉልኝ ራሳቸው አማቴ ናቸው። ቡና ተፈልቶ ስኳር የማቅረብ አለማቅረቡ ነገር ሲያስጨንቀኝ አይተው ሳቁ። "እኛ ልጅ ሳለን በጨው አልነበር የምንጠጣ? ስኳርማ ሰው ሲታመም ነበር የሚፈለግ" አሉ። የተወለዱት ጣሊያን በወጣ ሰሞን ነው። የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው እንግዲህ ልጅ ነበሩ። በኋላ ጎጃምም በራሷ ጃዊ ላይ አገዳ ተክላ የጣና በለስን ስኳር ማምረት ጀመረች። ከጥንት የወረስነው የሚመስለኝ የስኳር ወግ ለካ ከአማቴ ዕድሜ አይበልጥም! በዚያ ቀን ቡናውን በጨው ጠጣን፤ ጤና አዳም ጣል አድርገንበት። ልጆቹ ፊታቸውን አጨማደዱ። እኔ ግን ወደድኩት። አሁን እንግዳ ሲመጣ "የአማቴን ቡና ቅመሱልኝ" እላለሁ። ይሉኝታው በወግ ተሸፈነልኝ።

ከስድስት ወር በኋላ ባለቤቴ ሲለካ 103 ሆነ። ሁሉም ከስኳሩ ነው ማለት አልችልም፤ ቢሮም በእግሩ መሄድ ጀምሯል። ቤታችን አሁን በወር አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው የሚጨርሰው። ዜሮ አይደለም። ዜሮ እንዲሆንም አልፈልግ፤ የፍልሰታውን ጉድ አልረሳሁትም።

ሰው ይዞልን የሚመጣው ስኳር ግን አይቆምም። እንቢ አይባል። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥና እኛ በተራችን ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ ይዘነው እንወጣለን። አንዱን እሽግ ትንሿ ልጄ አግኝታ በቀይ እስክሪብቶ አበባ ሥላበት ነበር። ታኅሣሥ ላይ ለአንድ ለቅሶ ቤት ወሰድኩት። ሚያዝያ ላይ ትንሿ ጉንፋን ያዛትና አንዲት ጎረቤታችን ልትጠይቃት መጣች። ከፌስታሏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "እማዬ፣ የኔ አበባ!" ብላ ጮኸች ልጅቱ።

ጎረቤቴ እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን። ሳቋ አምልጧት ወጣ።

"እኔንጃ እቴ፣ ለእኔም ያመጡልኝ ነው።"

"ታዲያ ለምን ራስሽ አትጠቀሚበትም?"

"ኧረ እኔ ስኳር ካቆምኩ ዓመት ሆነኝ። አንቺ እንዳትታዘቢኝ ብዬ እንጂ።"