ትከሻ ከተሰፋ በኋላ ያሉት ወራት

ትከሻው ኦፕሬሽን የተደረገ ሰው ትልቁን ጥፋት የሚያጠፋው በመጀመሪያው ሳምንት አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ሕመሙ ራሱ ዘበኛ ነው፤ እጁን ላንሳ ብሎም አይደፍርም። አደጋው ያለው በአምስተኛው፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት ነው። ቁስሉ ደርቋል፣ እንቅልፍ ተመልሷል፣ ጠያቂም ቀንሷል። «ይቺን ጀሪካን ባነሳት ምን ይመጣል?» የሚባለው ያኔ ነው።

እዚህ የምጽፈው በዋናነት የተበጠሰ የትከሻ ጅማት ለተሰፋላቸው ሰዎች ነው። የክንድን አጥንት ራስ ከፊት፣ ከላይና ከኋላ ይዘው ቦታው ላይ የሚያቆዩ አራት ጡንቻዎች አሉ፤ ሐኪሞች በአንድ ላይ ሮቴተር ከፍ ይሏቸዋል። ጅማታቸው ከአጥንቱ ሲለቅ ሐኪሙ አጥንቱ ውስጥ ትንንሽ መያዣ ቀብሮ በክር መልሶ ያስረዋል። ክሩ ጅማቱን አጥንቱ ላይ አስጠግቶ ያቆየዋል እንጂ አያጣብቀውም። ማጣበቁ የሰውነት ሥራ ነው፣ አይቸኩልም። እስከ 6ኛው ሳምንት ድረስ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር የሚጣበቅበት ቦታ ደካማ ነው፤ ጭነት መቀበል የሚጀምረው ወደ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ሕመሙ ግን ከዚያ በፊት ይሄዳል። ስለዚህ መመሪያችሁ የቀን መቁጠሪያው ይሁን፤ «አያመኝም» ማለት «ድኗል» ማለት አይደለም።

ኦፕሬሽኑ ሌላ ከሆነ ክልከላውም ሌላ ነው። ደጋግሞ ለሚወልቅ ትከሻ የሚደረገው ስፌት በጣም የሚፈራው ክንድን ወደ ጎን አንስቶ ወደ ውጭ ማዞርን ነው፤ ድንጋይ ለመወርወር እጅን ወደ ኋላ እንደምናደርገው ማለት ነው። በብረት ለተያዘ ስብራት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንቅስቃሴ ቶሎ ይጀመራል። ለዚህ ነው ባሕር ዳር ካሉት ከፈለገ ሕይወትም ሆነ ከጥበበ ጊዮን ወይም ከግል ሆስፒታል ስትወጡ ምን እንደተሠራ የሚገልጸውን ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ የምለው። የትኛው ጅማት ተሰፋ? ቅዳዱ ምን ያህል ነበር? ክርንን የሚያጥፈው ጡንቻ (ባይሴፕስ) ጅማቱ አብሮ ተነክቷል? ስሊንጉ (ክንዱን አንገት ላይ የሚያንጠለጥለው ማሰሪያ) ስንት ሳምንት ይታሰራል? ክንዱ ወደ ውጭ እስከ ስንት ዲግሪ ይዞራል? ፊዚዮቴራፒስቱ ይህን ካላወቀ በግምት ነው የሚሠራው። ከመራዊ፣ ከአዴት ወይም ከሐሙሲት እየተመላለሰ ለሚታከም ሰው ወረቀቱ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል፤ በየቀጠሮው የሚያገኘው ባለሙያ አንድ ሰው ላይሆን ይችላልና።

ስሊንጉ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይታሰራል፣ ማታም አይወልቅም። ክርኑ ከኪሱ መጨረሻ ድረስ ገብቶ ወደ 90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት፤ የእጅ አንጓው ከክርኑ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። መዳፉ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ጣቶቹ ያብጣሉ። በነጠላ ቋጥሮ አንገት ላይ ማንጠልጠል ለአንድ ሰዓት እንጂ ለስድስት ሳምንት አይሆንም፤ ቋጠሮው አንገት ይቆርጣል፣ ጨርቁ እየላላ ክንዱ ይወርዳል። ስሊንጉ ውስጥ እያለም ጣት፣ አንጓና ክርን ሥራ አይፈቱም። በየሰዓቱ ጡጫ አጥብቆ መክፈት 10 ጊዜ፣ አንጓን ማጠፍ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ደግሞ ስሊንጉን ፈትቶ ክርንን መዘርጋትና ማጠፍ። ክርንን የሚያጥፈው ጡንቻ ጅማቱ አብሮ ከተሰፋ ግን ክርኑን በጤነኛው እጅ ደግፉት፣ በራሱ ኃይል አይታጠፍ።

እንቅልፍ ከሁሉ ይከብዳል። ጠፍጣፋ አልጋ ላይ በጀርባ ሲተኛ ክርኑ ከሰውነት ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ስፌቱም ይወጠራል። ጀርባችሁን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጉ፤ አልጋውን ግድግዳ አስጠግቶ ሁለት ትራስና የታጠፈ ጋቢ መደርደር ይበቃል። ሌላ ጨርቅ አጥፋችሁ ከክርኑ ሥር አስገቡ። ተኝታችሁ ወደ ታች ስታዩ ክርናችሁ መታየት አለበት፤ ካልታየ ወደ ኋላ ወድቋል ማለት ነው።

ማደንዘዣው አንገት ሥር ተወግቶ ክንዱን ብቻ ያደነዘዘ ከሆነ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ሲለቅ በድንገት ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ላይ። የመጀመሪያውን ማስታገሻ ሕመሙ ሳይመጣ ውሰዱ። ለጤነኛ አዋቂ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይበልጥም፣ የጉበት ችግር ያለበት ደግሞ መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው ሳይጠየቅ አይወሰዱም። ትራማዶል ሆድ ያደርቃል፣ ያዞራልም፤ ውኃ አብዝታችሁ ጠጡ፣ ጠዋት ተልባ ጥሩ ነው።

በረዶ በላስቲክ አድርጋችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ። ክንዱ ገና የደነዘዘ ከሆነ ከፎጣው ሥር ቆዳውን እያያችሁ ይሁን፣ በረዶ ሲያቃጥል አይሰማችሁምና።

የባሕር ዳር ሙቀት የራሱ ጣጣ አለው። በሚያዝያና በግንቦት ብብት በስሊንግ ሥር ላብ ይዞ ይሸታል፣ ይቀላል፣ አልፎም ይላጣል። ክንዱን ወደ ጎን አንስቶ ብብትን ማጠብ ክልክል ነው። ጤነኛውን እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ ተደግፋችሁ ከወገብ ጎንበስ በሉ፤ የታመመው ክንድ በራሱ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ብብቱም ሳይነሳ ይከፈታል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ስስ የጥጥ ጨርቅ አስገቡበት። ልብስ ሲለበስ የታመመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፣ ሲወልቅ መጨረሻ ይወጣል። ከፊት የሚቆለፍ ሰፊ ሸሚዝ ይሻላል።

የቆዳው ስፌት ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ እስከዚያ ደረቅ ይሁን። ፌጦ፣ ቅቤ፣ ማር አይቀባበት። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግ ሰው ቁስሉ እስኪዘጋ ይቆይ። ጣና ውስጥ መግባትም እንደዚያው ነው፤ ከተዘጋ በኋላም ቢሆን በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፣ ጤነኛ ቆዳንም አልፎ ይገባል። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ፣ ከቁስሉ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ማደንዘዣው ለቆም የሚቀጥል የጣት መደንዘዝ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሆስፒታል ይኬዳል። አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ድረሱ።

አንድ ጉዳይ ላይ አጥብቄ ልናገር። በየቤቱ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ «ልጄ፣ አንዴ ብቻ ወጌሻ ይሽህ፣ ደርቆ እንዳይቀር» የሚል እናት ወይም አጎት ይመጣል። የሚሉት ከፍቅር ነው፣ በክፉ አይመለስላቸውም። «እማዬ፣ ውስጡ በክር ታስሯል፤ ቢሳብ ክሩ ሥጋውን ይዞ ይወጣል» ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ጎትቶ ማፍታታትም ሆነ ጠንካራ መታሸት የተሰፋ ጅማትን ሊበጥስ ይችላል። ትከሻው መድረቁ በዚህ ጊዜ የሚጠበቅ ነው። ድርቀት አብዛኛውን ጊዜ በወራት ልምምድ ይፈታል። የተበጠሰ ስፌት ግን ሁለተኛ ኦፕሬሽን ሊጠይቅ ይችላል፣ ያውም ከመጀመሪያው ያነሰ ተስፋ ይዞ።

በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የሚሠራው ሁሉ የትከሻው ጡንቻ ሳይሠራ ክንዱ የሚንቀሳቀስበት ነው። ዋናው ማወዛወዝ ነው፤ ሐኪሙ ጀምሩ ባለበት ቀን ይጀመራል። ጤነኛው እጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ወገብ ጎንበስ፣ ጉልበት ላላ፣ ክንዱ እንደ ረጠበ ጨርቅ ወደ ታች ይንጠልጠል። አሁን ክንዱን አታንቀሳቅሱት። ዳሌያችሁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ፣ በመጨረሻም በክብ አወዛውዙ፤ ክንዱ ተከትሎ ይሄዳል። ክቡ ከሳህን አፍ አይስፋ። በያቅጣጫው 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ። የሚበላሸው ሁሌም እዚህ ጋ ነው፦ ሰውየው ሥራ ያሳነሰ ይመስለውና ክንዱን በትልቁ ያዞረዋል። ክቡ ሲሰፋ የተሰፋው ጡንቻ መሥራት ይጀምራል። በትክክል እየሠራችሁ መሆኑን ለማወቅ ጤነኛውን እጃችሁን ከጠረጴዛው ሳታነሱ ሌላ ሰው የታመመውን ትከሻ አናት በጣቱ ይንካ፤ ሥጋው ለስላሳ ከሆነ ልክ ነው፣ ከጠነከረ ጡንቻው ገብቶበታል።

ቀጥሎ በጀርባ ተኝቶ በጤነኛው እጅ የታመመውን አንጓ ይዞ ክንዱን ወደ ላይ መውሰድ ነው። በመጀመሪያ ከ90 ዲግሪ አይለፍ፤ 10 ጊዜ፣ ላይ 5 ሰከንድ ቆይቶ። ሲመለስ ይበልጥ ቀስ ይበል፣ ብዙ ሰው የሚለቀው ሲወርድ ነው። ቤተሰብ የሚያግዝ ከሆነ አንድ መዳፍ ከክርኑ ሥር፣ ሌላው ከአንጓው ሥር ይሁን፤ ጣት ብቻ ይዞ መሳብ አይሆንም። ወደ ውጭ ማዞሩ በመወልወያ እንጨት ይሠራል፦ የተጠቀለለ ፎጣ በክርንና በጎን መሀል፣ ክርን 90 ዲግሪ፣ ጤነኛው እጅ እንጨቱን ገፍቶ የታመመውን ወደ ውጭ ይወስደዋል፣ ሐኪሙ እስከፈቀደው ዲግሪ ብቻ።

ከ6ኛው ሳምንት በኋላ ስሊንጉ ሲወልቅ ክንዱ በራሱ ኃይል መነሳት ይጀምራል። ብዙዎች ያኔ ይደነግጣሉ፣ አይነሳምና። የ60 ኪሎ ሰው ክንድ ብቻውን 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት ሳምንት ዕረፍት በኋላ ይህ ራሱ ሸክም ነው። ስለዚህ ተኝቶ መጀመር፣ ከዚያ ጀርባን ደገፍ አድርጎ፣ በመጨረሻ ቆሞ። ጣትን ግድግዳ ላይ ማስወጣት እዚህ ይጠቅማል። ፊት ለፊት ቁሙ፣ አመልካችና መሀል ጣት እየተፈራረቁ ይውጡ፣ በየሳምንቱ የደረሳችሁበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ትከሻው ወደ ጆሮ ከተሰቀለ ወይም ወገብ ከተጣመመ ምልክቱ ውሸት ነው፤ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላችሁ በትክክል ድገሙት። በልምምድ ጊዜ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ብትለኩት 3 ወይም 4 የሚደርስ ምንም አይደለም። ሌሊት ከቀሰቀሰ ወይም እስከ ማግስቱ ከቆየ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ፣ ጨርሶ ግን አታቁሙ። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ትከሻው ይበልጥ ስለሚደርቅ በዚህ ወቅት አንድም ቀን ባያልፈው እመርጣለሁ።

ጥንካሬ የሚሠራው ከ12ኛው ሳምንት ወዲያ ነው። የፊዚዮቴራፒ ላስቲክ ካልተገኘ የብስክሌት ከመነዳሪ ይበቃል፤ አንድ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ፣ ከጠነከረ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ የመስኮት ብረት ላይ እሰሩት። ፎጣው አሁንም በክርንና በጎን መሀል ነው። ወደ ሆድ መሳብ፣ ወደ ውጭ መሳብ፣ ክርንን ወደ ኋላ መሳብ፤ እያንዳንዱ 10 እስከ 15 ጊዜ፣ 2 ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። ክብደት ለመጀመር የግማሽ ሊትር ውኃ ፕላስቲክ ግማሽ ኪሎ ነው፤ ከዚያ በታች መጀመር ከፈለጋችሁ ውኃውን ቀንሱ።

ወደ ሥራ መመለስ እንደ ሥራው ነው። ክንድ ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ መጻፍ በሳምንታት ይቻላል። ባጃጅ መንዳት ግን 3 ወር ገደማ ይጠብቃል፦ ግራው እጅ ፍሪሲዮንና ማርሽ፣ ቀኙ ነዳጅ ይዞ መሪው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለቱንም ትከሻ ይመታል። ተሳፋሪ ሆናችሁ ስትሄዱም የተሰፋው ትከሻ ወደ መሀል ይሁን፤ ሲነቀነቅ ብረት ለመያዝ የሚወረወረው እጅ እሱ እንዳይሆን።

እንጀራ መጋገር ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ሊጥ ሲዞር ክንዱ ከሰውነት ርቆ ተዘርግቶ፣ የሊጡን ማፍሰሻ ይዞ፣ ዙሪያውን ይሄዳል፤ ከዚያ አክንባሎው ይነሳል፣ ሰፌዱ ይገፋል። አንድ እንጀራ ላይ ሦስት ጊዜ ነው፣ በአንድ ጋገራ ደግሞ ሃያና ሠላሳ ይወጣል። እስከ 3 ወር ሌላ ሰው ይጋግር፤ ከዚያ በኋላ ምጣዱ ወገብ ቁመት ላይ ይሁን፣ ተጠግታችሁ ቁሙ፣ አክንባሎውን በጤነኛው እጅ አንሱ፣ በመጀመሪያው ቀን ከአምስት አይለፍ። ቡና መውቀጥና ከባድ ልብስ መጭመቅ ከዚህም ይዘገያሉ። መሬት በእጅ ተደግፎ የሚሰገድ ስግደት የሰውነትን ክብደት በቀጥታ ትከሻው ላይ ያሳርፋል፤ ባለሙያው እስኪፈቅድ ቆሞ ጎንበስ ማለት፣ ለሙስሊሞችም ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ይቻላል። መረብ የሚጎትት፣ ታንኳ የሚቀዝፍ ወይም ጆንያ የሚሸከም ሰው ከ6 ወር በታች ቀን አይቁረጥ።

በ12ኛው ሳምንት ለራሳችሁ አንድ ፍተሻ አድርጉ። ተኝታችሁ በጤነኛው እጅ ክንዱን አንሱት፤ ከዚያ ቆማችሁ በራሱ አንሱት። በሁለቱም እዚያው ቦታ ላይ ከቆመ ችግሩ ድርቀት ነው፣ የማፍታቻ ልምምድና ጊዜ ይጠይቃል። በጤነኛው እጅ ሲነሳ ጥሩ ወጥቶ በራሱ ግን ትከሻ ቁመት የማይደርስ ከሆነ፣ በተለይም ቀድሞ ይነሳ ከነበረና አንድ ቀን «ቀጭ» ብሎ ከቆመ፣ ጡንቻው ገና ደክሞም ሊሆን ይችላል፣ ስፌቱም ለቆ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ስለሆነ ላስቲኩን አቁማችሁ ወደ ሠራችሁ ሐኪም ተመለሱ፣ ያንን ወረቀት ይዛችሁ።