መስመሩን ማን አሰመረው?

ፋይሉ የተመለሰው በአንድ ቁጥር ምክንያት ነው። ሠራተኞችን አነጋግሮ ሥራቸው የሚጠይቀውን ክህሎት በደረጃ ለሚመዝን ሰው፣ ማለትም ለሥራ ክህሎት ተንታኝነት፣ የምስክር ወረቀት የሚሠለጥነው ልጅ ያስረከበው ትንተና ንባቡም፣ የሰነድ አጠቃቀሙም፣ ጽሕፈቱም፣ የቃል ግንኙነቱም አልፎለታል። በቁጥር ክህሎት ሥር፣ "መለካትና ማስላት" በሚለው ንዑስ ክፍል ግን "የጀርም ማጥፊያ ፈሳሽ በምጣኔ ይበጠብጣሉ" ብሎ ደረጃ 3 ሰጥቶ ነበር። ገምጋሚዋ 3ን በቀይ ከብባ ዳር ላይ አንዲት ጥያቄ ጻፈችበት፦ "ስሌቱን የሚሠራው ማን ነው?"

ነገሩ የሆነው ካናዳ ውስጥ ነው፤ ሥራው ደግሞ በአገሪቱ የሙያ ምደባ በዚያን ጊዜ 6731 ተብሎ የሚታወቀው ቀላል ጽዳት ነው፣ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ባስጠናችው ማዕቀፍ ዘጠኝ መሠረታዊ የሥራ ክህሎቶች ነበሩ፤ በ2021 ስሙም ዝርዝሩም ተቀይሯል፣ ልጁ የሠለጠነው ግን በአሮጌው ነው። በዚያ ንባብ፣ ሰነድና ጽሕፈት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸው ነበር። የቃል ግንኙነትና የማሰብ ክህሎት 4 ላይ ይቆሙ ነበር። ከሌሎች ጋር መሥራትና ቀጣይ ትምህርት ጭራሽ ደረጃ አልነበራቸውም፣ በቃላት ብቻ ይገለጹ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ሥልጠናው በገባ በወጣ ቁጥር የሚደግመው አንድ ነገር አለ፦ ደረጃ የሚሰጠው ለሰውየው አይደለም፣ ለተግባሩ ነው።

ልጁ ይህንን በቃሉ ያውቀዋል። ቃለ መጠይቁን የጀመረው ግን አብዛኛው ጀማሪ በሚጀምርበት መንገድ ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ የአገሩ ሰው ናቸው፣ በዕድሜም እናቱን ያህላሉ፤ ስለዚህ በአማርኛ ነበር የተጫወቱት።

"እትዬ፣ ሥራ ላይ የሚያነቡት ነገር አለ?"

"ኧረ የለም ልጄ። መወልወያ ይዤ ምን አነባለሁ?"

"የሚጽፉትስ?"

"ምንም።"

"ሒሳብስ? የሚያሰሉት ነገር?"

"ልጄ፣ አንተ የምትፈልገው ቢሮ ያሉትን ሳይሆን አይቀርም። ልጥራልህ?"

ሰው ስለ ክህሎቱ ሲጠየቅ ትምህርት ቤቱን ነው የሚያስታውሰው። "ማንበብ" ሲባል መጽሐፍ ይታየዋል፣ "ሒሳብ" ሲባል ጥቁር ሰሌዳ። በየቀኑ እጁ የሚነካውን ወረቀት ንባብ ብሎ አይቆጥረውም። ስለዚህ የሚጠየቀው ስለ ክህሎቱ አይደለም፣ ስለ ዕቃው ነው፦ ዛሬ ጠዋት ከገቡ ጀምሮ እጅዎ የነካውን ወረቀት፣ ሌብል፣ ሰሌዳ፣ ስክሪን ሁሉ ያሳዩኝ። ጥያቄው ደግሞ ተቀምጦ ሳይሆን ጋሪው አጠገብ ቆሞ መጠየቅ አለበት። ቢሮ ውስጥ በተደረገ ቃለ መጠይቅ የተሞላ ፋይል ገና ከሩቁ ይታወቃል፤ ምሳሌዎቹ ሁሉ "ልዩ ልዩ ሰነዶችን ያነባሉ" ይላሉ፣ አንድም ሰነድ ግን አልተያያዘም።

ልጁ ቆይቶም ቢሆን ነቃና ወደ ጋሪው ሄዱ። ከኪሳቸው የክፍሎች ዝርዝር ወጣ፤ ተላላፊ በሽታ ያለባቸው ክፍሎች በቢጫ ተቀብተዋል፣ እነሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚጸዱት። በመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ የሚሞላበት ሠንጠረዥ ተለጥፏል። የፈሳሹ ጠርሙስ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ ሌብል አለው፤ ላዩ ላይ ባለ 8 አኃዝ የመድኃኒት መለያ ቁጥር፣ የመበጥበጫ ምጣኔ፣ ወለሉ ላይ ሳይደርቅ መቆየት ያለበት ደቂቃ ታትሟል። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ባለ 16 ክፍሉ የኬሚካል ደኅንነት መረጃ በክላሰር ተሰቅሏል፤ ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚደረግ 4ኛው ክፍል ላይ እንዳለ እትዬ ሳይገልጡ ተናገሩ። "ምንም አላነብም" ያሉት ሴትዮ ናቸው።

አመዳደቡም የራሱ ጣጣ አለው። በዓረፍተ ነገር የተጻፈ ከሆነ ንባብ ነው። በዝርዝር፣ በሠንጠረዥ፣ በምልክት ከሆነ የሰነድ አጠቃቀም ነው። ሌብሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ማስጠንቀቂያ ካለ ሌብሉ ሁለቱም ጋ ይገባል። የበሩ ሠንጠረዥም እንዲሁ፣ ስለሚሞላ ጽሕፈት ሥርም ይጠቀሳል። ጀማሪ አንዱን ሰነድ አንድ ቦታ ብቻ አስገብቶ ሌላውን ክፍል ባዶ ይተወዋል፤ ይህ ልጅ ግን በዚህ በኩል ጎበዝ ነበር። የሥራ መግለጫ ዓረፍተ ነገሮቹም ልክ ነበሩ፦ ግስ፣ ምን ላይ፣ በምን፣ ለምን፣ በየስንት ጊዜው። "ሌብል ያነባሉ" ብሎ አልተወውም።

ችግሩ ጆጉ ላይ መጣ።

የፎቁ የግድግዳ ማደባለቂያ ተበላሽቷል፣ ስለዚህ በእጅ ነው የሚበጠበጠው። እትዬ ባልዲውን 8 ሊትር ምልክቱ ድረስ ውኃ ሞሉት፣ ፈሳሹን መለኪያ ጆግ ውስጥ ቀዱ፣ በጥቁር ማርከር የተሠመረች አንዲት መስመር ላይ ሲደርስ አቆሙ፣ ባልዲው ውስጥ ገለበጡት። አለቀ። ልጁ ጠርሙሱን አየ፦ 1 ለ 128። 8,000 ሚሊ ሊትር ለ128 ሲካፈል 62.5። ሊትሩን ወደ ሚሊ ሊትር መቀየር አለ፣ ማካፈል አለ፣ ነጥብ ያለው ውጤት አለ፤ ደግሞም ቢሳሳቱ አረጋውያን ናቸው የሚታመሙት። 3 ብሎ ጻፈ።

የገምጋሚዋ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። በዚያ ማዕቀፍ የቁጥር ክህሎት ደረጃ የሚወጣው ከሁለት ነገር ነበር፦ አንደኛው የስሌቱ ዓይነትና ብዛት፣ ሁለተኛው ሁኔታውን ወደ ሒሳብ የመለወጥ ጣጣ። አደጋው የት ድረስ ነው የሚለው ሚዛኑ ውስጥ የለም። ስህተቱ ሰው የሚገድል ቀላል ስሌት ቀላል ስሌት ነው። ልጁ ካካፈለው ማካፈል ውስጥ ደግሞ ሠራተኛዋ ፊቱ ያደረጉት አንድም የለም፤ የሠሩት መስመር ላይ ሲደርስ ማቆም ነው፣ እሱም ደረጃ 1። ስሌቱን የሠራው ሠልጣኙ ራሱ ነው፣ የሰጠውም ደረጃ የራሱን ሆኖ አረፈ። ይህ ስህተት ዲግሪ ባላቸው ተንታኞች ላይ ይበዛል።

እስከዚህ ድረስ ገምጋሚዋ ትክክል ነበረች፤ ማስታወሻውን "ወደ 1 ይውረድ" ብላ ብትዘጋውም የሚከራከራት አልነበረም። የክፍሉ ኃላፊም በራሱ ቃለ መጠይቅ "ጆጉ ምልክት አለው፣ የሚሳሳት የለም" ብሎ ነበር። እዚህ ላይ ለኃላፊዎች ቃል ያለኝን አክብሮት ልግለጽ፦ ኃላፊ ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ያውቃል። እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የሚሠራውን ሰው መጠየቅ ነው።

ልጁ እልህ ይዞት ተመልሶ ሄደ። የወሰደው ጥያቄ የገምጋሚዋን አይደለም፣ ከእሷ አንድ እርምጃ ያለፈ ነው።

"እትዬ፣ ይቺን መስመር ማን አሰመራት? ከፋብሪካው ነው?"

"የምን ፋብሪካ! እኔ ነኛ።"

"ልኩን እንዴት አወቁት?"

"የድሮው መድኃኒት 1 ለ 64 ነበር፤ ለአንድ ባልዲ አንድ የ125 ኩባያ። አዲሱ ሲመጣ 128 ይላል። ልጆቹ ቁጥሩ ጨመረ ብለው መድኃኒቱንም ጨመሩት። ወለሉ ሙጫ ሆነ፣ ጫማ ይይዛል፤ ባጠብነው ቁጥር ይብሳል። የጨመረው እኮ ውኃው ነው። ውኃው እጥፍ ከሆነ መድኃኒቱ ግማሽ ነው።"

"ታዲያ 125ን ለሁለት አካፈሉት?"

"በምን ላካፍለው? ጆጉ ላይ 50 አለ፣ 100 አለ፤ የ125 ግማሽ የሚል የለበትም። ኩባያዋን ውኃ ሞላሁና ከምግብ ቤቱ ሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆ አምጥቼ እኩል አደረግኳቸው። ጎንበስ ብዬ በዓይኔ አስተካከልኩ። አንዱን ጆጉ ውስጥ ገለበጥኩና አሰመርኩ። ከዚያ ጆጉን ደፍቼ ሁለተኛውን ገለበጥኩ፤ እዚያችው መስመር ላይ ቆመ።"

"ለኃላፊው አልነገሩትም?"

"ነግሬዋለሁ እንጂ። 'በርቺ' ብሎኝ ሄደ።"

ይህንን ይዞ ሲመለስ ልጁ ያሸነፈ መስሎት ነበር። 3 ይመለስልኝ አለ። አልተመለሰለትም፤ ክርክሩ ግን ከዚያ በኋላ ነው የጣመው። ገምጋሚዋ እንዲህ አለች፦ ስሌቱ ምንድን ነው? ለሁለት መክፈል፣ እሱም በብርጭቆ። በወረቀት ላይ የተሠራ ማካፈል የለም፣ 62.5 የሚባለው ቁጥር ከሴትዮዋ አፍ አልወጣም። ልጁ መለሰ፦ ሁኔታውን ወደ ሒሳብ የመለወጡን ነገር ግን ሙሉ በሙሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው። 128 ከ64 እንደማይበረታ፣ ሁለተኛው ቁጥር ውኃውን እንጂ መድኃኒቱን እንደማይናገር ያወቁት እሳቸው ናቸው። ያ በሌብሉ ላይ አልተጻፈም፣ ማንም አልነገራቸውም፣ ከእሳቸው በቀር ፈረቃው በሙሉ ተገላቢጦሽ ነው የተረዳው። ውጤታቸውን ደግሞ በሁለተኛው ብርጭቆ አረጋግጠዋል፤ ስንት ሰው ነው በካልኩሌተር ያወጣውን መልሶ የሚያረጋግጠው?

ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፣ መመሪያው ደግሞ ለሁለቱም ይበቃል። አንድ ሙያ ለአንድ ክህሎት አንድ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ይመስል ልጁም ገምጋሚዋም በአንድ ቁጥር ላይ ሲጎተቱ ነበር። ፕሮፋይል፣ ማለትም የሙያው የክህሎት መግለጫ፣ የሚጽፈው ግን የተለመደውን ደረጃና ከባዱን ደረጃ ለየብቻ ነበር። በመጨረሻ የተግባሩ መግለጫ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው፦ የጀርም ማጥፊያ ፈሳሽ ምልክት በተደረገበት ጆግ ለክተው ይበጠብጣሉ፣ በየፈረቃው፣ 1። ሁለተኛው፦ የምርቱ ዓይነት ሲቀየር አዲሱን ምጣኔ ከቀድሞው ጋር አነጻጽረው መጠኑን ሊወስኑ ይችላሉ፣ አልፎ አልፎ፣ 2። የሠልጣኙ 3 ወደቀ፣ የገምጋሚዋ 1ም ብቻውን አልቆመም።

"ሊወስኑ ይችላሉ" የምትለዋን ልብ ይሏል። አንድ ሰው ያደረገውን "ሠራተኞች ያደርጋሉ" ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ የአንድ ሰው ቃለ መጠይቅ ሙያ አይሆንም። የግድግዳ ማደባለቂያው በሚሠራበት ቤት ይኸው ተግባር ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው መግለጫ የገባው በሌሎች ሁለት መሥሪያ ቤቶች ያሉ ሠራተኞች ምርት ሲቀየር መጠን የሚወስኑት ራሳቸው እንደሆኑ ከተናገሩ በኋላ ነው።

ለእኔ የሚቆጨኝ ግን የቁጥሩ ነገር አይደለም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ትልቁ ግኝት የሙጫው ወለል ነበር፤ እሱን ሊጥሉት ትንሽ ቀርቷቸዋል። ወለል ሲይዝ ሰው የሚያስበው አልታጠበም ብሎ ነው፣ እናም መድኃኒት ይጨምራል፣ እናም ይብሳል። ምክንያቱን ወደ ኋላ ሄዶ ከሌብል ለውጥ ጋር ማገናኘት ችግር መፍታት ነው፣ የሚገባውም በማሰብ ክህሎት ሥር ነው። የፋይሉ የመጀመሪያ ቅጂ እዚያ ቦታ ላይ ምን ይላል? "ወለል ላይ ፈሳሽ ሲደፋ ያጸዳሉ።" በቁጥር ክፍሉ ላይ ሲከራከሩ የሙጫውን ወለል ከቃለ መጠይቁ ማስታወሻ ውስጥ ያነሣችው ሌላ ሠልጣኝ ናት፤ ስሟ ፋይሉ ላይ የለም።

ልጁ ምስክር ወረቀቱን አግኝቷል። "መስመሩን ማን አሰመረው?" የምትለዋ ጥያቄም አሁን በሥልጠናው ስላይድ ላይ ከጆጉ ፎቶ ጋር ትታያለች፣ አሰልጣኞቹ ድሮውንም ሲጠይቋት የኖሩ በሚመስል አቀራረብ።

የሌሊት ፈረቃው የራሱ ጆግ አለው፣ መስመር ግን የለውም። እዚያ 62.5 ሚሊ ሊትር በ50 እና በ100 መካከል በዓይን ነው የሚቀዳው፤ እሱ ደግሞ በአሮጌው ማዕቀፍ መለካትና ማስላት ሥር አይገባም፣ "ቁጥራዊ ግምት" የሚባል የራሱ ክፍል ነበረው።