ቤንዚን ሲጠፋ መብራት፣ መብራት ሲጠፋ ቤንዚን

ሞተር ሳይክሌ፣ ቦክሰሯ፣ በኤሌክትሪክ መሄድ ከጀመረች ሰንበትበት ብላለች። እኔ ግን እስካሁን አለቀች ብዬ አላወራሁም። መሄድ ሌላ፣ ማለቅ ሌላ። ትልቁ ሥራ ቶሎ ያልቃል። ጊዜ የሚበላው ጥቃቅኑ ነው፤ ሽቦው የት ይለፍ፣ ይሄ ብሎን ምን ያጥብቀው፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በየት ይውጣ የሚለው።

ለማያውቀኝ ባጭሩ ልንገር። ሐዋሳ ውስጥ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ሥራዬ ከቤት ቤት ነው። ዛሬ ታቦር፣ ነገ አቶቴ፣ ከነገ ወዲያ ቱላ። የምሄደው በቦክሰር 150 ነው፤ ያቺ የምታውቋት፣ ከተማውን የሞላችው የሕንድ ሞተር ሳይክል። ቤንዚን ሲጠፋ ማደያ በር ላይ ተሰልፌ እውላለሁ። እዚያ ቆሜ ደንበኛ ይደውላል፤ "ሥጋዬ ሊበላሽ ነው፣ የት ደረስክ?" ይላል። የት እንደርሳለን! ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውም አለ። ዋጋው አያስቀርብም፤ ምን እንደተቀላቀለበትም ሻጩና ፈጣሪ ያውቃሉ።

"ታዲያ ለምን ኤሌክትሪኳን አትገዛም?" ይሉኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ይህን የማይመክር ሰው የለም። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ለፍሪጅ ጠጋኝ ስለ መብራት መጥፋት አይነገረውም። መብራት ጠፍቶ ድንገት ከፍ ብሎ ሲመለስ የተቃጠለ ኮምፕሬሰር ነው እንጀራዬ። በመብራት ብቻ ተማምኜ ከቤት አልወጣም። ስለዚህ ሁለቱንም አደረግኩ። የኋላው ጎማ እንደነበረ በቤንዚን ሞተርና በካቴና ይሄዳል። የፊተኛው ጎማ መሃሉ ላይ 1500 ዋት የኤሌክትሪክ ሞተር አለው። ሃይብሪድ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ የኔ ቢጤ ሃይብሪድ።

አሁን ወደ ማጠናቀቂያው። ማጠናቀቂያ ሲባል ሰው ቀለም ይመስለዋል። ቀለሙን በመጨረሻ እነግራችኋለሁ፤ ብዙ የሚወራለት አይደለም።

መጀመሪያ የፊቱን አክስል፣ ጎማው የተሰካበትን ዘንግ፣ እንይ። ተራ ጎማ አክስሉ ቆሞ ኩሽኔታው ላይ ይሽከረከራል፤ አክስሉን የሚያስጨንቀው ነገር የለም። ጎማው ውስጥ ሞተር ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ሞተሩ ጎማውን ወደፊት በገፋ ቁጥር አክስሉ ወደኋላ መዞር ይፈልጋል። አክስሉ የተቀመጠበት የፎርኩ፣ ማለትም ጎማውን በግራና በቀኝ የያዘው እግር፣ ጫፍ ደግሞ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ ቀስ በቀስ ይበላል። አንድ ቀን አክስሉ ባለበት ይዞራል፣ በውስጡ የሚያልፉትን ሽቦዎች ይጠመዝዛል፣ ዳዶው ይፈታል። ከፊት ጎማ ላይ ዳዶ ሲፈታ ምን እንደሚሆን ለናንተ አልነግርም።

መድኃኒቱ አክስሉን የሚይዝ ክንድ ነው። 8 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት አስቆረጥኩ። የአክስሉ ጫፍ በሁለት ጎኑ የተደፈጠጠ ነው። ያንን ቅርጽ ብረቱ ላይ በሞረድ ማውጣት አለብህ። በድሪል በስተህ፣ በሞረድ ትንሽ ታወጣለህ፣ ትሞክራለህ፣ እንደገና ትንሽ። ብትቸኩልና አንድ ፀጉር ያህል ካለፍክ ክንዱ ይወዛወዛል፤ የሚወዛወዝ ክንድ ካልነበረ ክንድ አይሻልም። የኔ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ተመትቶ ነው የገባው። ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ራሱ ይነግራችኋል። በያጁ ጎረቤቴ "ጋሼ፣ ፎርኩ ላይ በብየዳ ልድፋልህ?" አለኝ። በእሳት የተነካ አሉሚኒየም ጥንካሬው ይሄዳል ብዬ እምቢ አልኩት። በክላምፕ አሰርኩት። በግራም በቀኝም አንዳንድ ክንድ አለ።

ቀጥሎ እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ። ይህቺን ቀረብ ብለን እንያት፤ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ነገር ሊሠራ ካሰበ ኮንትሮለሩን፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ዕቃ፣ የምታቃጥልበት እሷ ናት።

ጎማው ውስጥ ያለው ሞተር ማግኔት አለው። ማግኔት በመዳብ ጥቅል ፊት ከዞረ መብራት ያመነጫል። ፈቀድክም አልፈቀድክም ያመነጫል። የኔ ጎማ በባትሪው ኃይል በባዶው ሲዞር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። እሺ፣ በቤንዚን ወደ ሻሸመኔ መንገድ ወጥቼ 80 ብነዳስ? ያኔ ጎማው ከባትሪው የበለጠ ቮልት ያመርታል። ያ ቮልት በኮንትሮለሩ ውስጥ ባሉት ትራንዚስተሮች አልፎ ሳይጠየቅ ወደ ባትሪው ይሮጣል። ቁልፉን ማጥፋት አያስቆመውም። ባትሪው ሞልቶ ከሆነ ቢኤምኤሱ፣ ማለትም የባትሪው ዘበኛ፣ በሩን ይዘጋል። ቮልቱ መሄጃ ሲያጣ ኮንትሮለሩ ላይ ይወድቃል። ጭስ።

እዚህ ጋ ሙያዬ ጠቀመኝ። ከኮንትሮለሩ ወደ ጎማው የሚሄዱት ወፍራም ሽቦዎች ሦስት ናቸው፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። በሁለቱ ላይ ኮንታክተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አስገባሁ። ሁለቱ ከተቆረጡ ሦስተኛው ብቻውን የትም አይደርስም። በነዚህ ሽቦዎች የሚሄደው ተለዋዋጭ ከረንት ስለሆነ ኮንታክተሩ እኔ ስፈታና ስገጥም የኖርኩት ዓይነት ነው። ያስቸገረኝ እሱን የሚያንቀሳቅሰው ኮይል ነው። ሱቅ ያለው ሁሉ 220 ቮልት ነው፤ 12 ቮልት የሚለውን ለማግኘት አዲስ አበባ ያለ ወዳጄን አስቸገርኩ። አሁን ማብሪያ ማጥፊያው ወደ ቤንዚን ሲዞር ኮንታክተሩ መስመሩን ይቆርጣል። የፊቱ ጎማ ተራ ጎማ ሆኖ ይቀራል። ቤንዚን ላይ ሆኜ ቴስተሩን ኮንትሮለሩ ላይ አድርጌ ጎማውን ባዞርኩት ዜሮ ነው የሚያነበው። ይህን ያየሁ ቀን ቡና አስፈላሁ።

ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩም ተጠንቅቄያለሁ። ከሦስቱ ሁለቱ ልባሳቸው ተልጦ ከተነካኩ ጎማው በራሱ ፍሬን ይይዛል። በፊት ጎማ! በእጅ ብታዞሩት እንኳ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ነው የሚከብደው። ስለዚህ ናስትሮ ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱን ለየብቻ በሙቀት በሚሰበሰብ ፕላስቲክ አለበስኩ። ፎርኩ ሲወርድና ሲወጣ እንዳይወጠሩም ትርፍ ተውኩላቸው።

ባትሪው ሊቲየም ፎስፌት ነው። 20 ሴል፣ እያንዳንዱ 3.2 ቮልት፣ ባጠቃላይ 64 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት። ሲሞላ 73 ቮልት ይደርሳል። በ5 አምፔር ቻርጀር አራት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ ረጋ ብዬ ከነዳሁ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይወስደኛል፤ ቱላ ደርሼ እመለሳለሁ። ሳጥኑን ከላሜራ አሠራሁና ውስጡን በአሮጌ ከመነዳሪ ለበጥኩት፤ ኮብልስቶን ላይ ሴሎቹ እንዳይንገጫገጩ። ከሥሩ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ውሃ ከገባ ይውጣ። የተሰቀለው በግራ ነው፤ ማርሚታው በቀኝ ስለሆነ። በቀኝ በኩል፣ ከማርሚታው ራቅ ብሎ፣ የመሣሪያ ሳጥኔ አለ። ሁለቱ ክብደታቸው ስለሚቀራረብ ቦክሰሯ አታነክስም።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ነው፣ 40 አምፔር። ብዙ ሰው ኮንትሮለሩ ጋ ያደርገዋል፤ ለማየት ስለሚመች። ከባትሪው እስከዚያ ያለው ሽቦ በመንገድ ላይ ሾርት ቢያደርግ ማን ያድነዋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

መብራቱስ? ይህን ያወቅኩት አመሻሽ ላይ አሞራ ገደል አካባቢ ነው። የኔ ቦክሰር የፊት መብራት ኃይል የሚያገኘው ሞተሩ ሲሠራ ከሚያመነጨው ነው እንጂ ከ12 ቮልቱ ባትሪ አይደለም። በኤሌክትሪክ ስሄድ ሞተሩ ጠፍቷል። ስለዚህ መብራትም የለም። 64 ቮልቱን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ገዛሁ፤ የፊት መብራቱን፣ ፍሬቻውንና ክላክሱን ወደሱ አዞርኩ። አሁን ሞተሩ ተነሳም አልተነሳም ያበራል። እንዲያውም ከድሮው ይሻላል። በፊት ሞተሩ ዝግ ሲል መብራቱም ይደክም ነበር።

በጣም የምወዳት ግን አንዲት ትንሽ ሪሌ ናት፤ እሷም በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ናት። በኤሌክትሪክ ስሄድ የቤንዚኑ ሞተር ማርሽ ውስጥ መሆን የለበትም፤ አለዚያ የኋላው ጎማ የቆመውን ሞተር እየጎተተ ይሄዳል። ሰው ደግሞ ይረሳል፤ ደክሞት፣ ስልክ ደውሎበት። ዳሽቦርዱ ላይ "ኤን" የምትል አረንጓዴ መብራት አለች፣ ማርሽ ባዶ ሲሆን የምትበራ። ሪሌዋን ከሷ ጋር አሰርኳት። አረንጓዴዋ ካልበራች ኤሌክትሪኩ አይሠራም። አለቀ። ጥበቡ ሽቦ ማስረዘም ብቻ ነበር፤ ሽቦዋም በቦክሰሯ ላይ የነበረች ናት።

ልጄ "ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጋቸው፣ ዳገት ላይ ትበራለች" ይለኛል። ሐሳቡ ይጥማል። ቀኝ እጄ ቤንዚኑን፣ የግራ አውራ ጣቴ ኤሌክትሪኩን ይዘዋል፤ ማን ይከለክለኛል? ግን ዳገት ላይ ክብደቱ ወደኋላ ይሄዳል፤ የፊቱ ጎማ ይቀላል። በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ የሚጎትት ቀላል የፊት ጎማ ማለት መሪው የሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ማብሪያ ማጥፊያው ሦስት ቦታ ብቻ አለው። ቤንዚን፣ ዝግ፣ ኤሌክትሪክ። ልጄ አኩርፏል። ያኩርፍ።

ድምፅ አለመኖሩ ሌላ ጣጣ አመጣ። በሐይቁ ዳር መንገድ በቀስታ ስሄድ አንዲት እናት ጥላቸውን ይዘው መሃል መንገድ ላይ ናቸው። ክላክስ ብነፋ ይደነግጣሉ፤ ዝም ብዬ ተጠጋሁ። ዘወር ሲሉ አጠገባቸው ነኝ። "ምን ዓይነት ሰይጣን ነው እንዲህ ሳይናገር የሚመጣው!" አሉ። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ መርቀው ለቀቁኝ። በማግስቱ የሳይክል ደወል ገዝቼ መሪው ላይ ገጠምኩ። ሰው ደወል ሲሰማ አይደነግጥም፣ ፈገግ ብሎ ገለል ይላል። ባለቤቴ ግን "አይስክሬም ሻጭ መሰልክ" ትለኛለች።

ቀለሙን ቃል ገብቼ ነበር። ቀይ ነበረች፣ ቀይ ናት። ሊብሬው ላይ ቀይ ተብሎ ተጽፏል፤ ለቀለም ብዬ ቢሮ ለቢሮ አልንከራተትም። ሰልባትዮው ላይ የተላጠውን በስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ስፕሬይ ረጨሁበት። ግቢ ውስጥ አቧራ አለ፤ ቀረብ ብሎ ለሚያይ አቧራው ቀለሙ ውስጥ ይታያል። ከሩቅ እዩልኝ።

"ለኔም ሥራልኝ" ለምትሉ፣ አልሠራም። የሰው ነፍስ ያለበት ነገር ነው፤ ለራሴ በየጠዋቱ ክንዱን በእጄ ነካክቼ ነው የምነሳው። ለሰው እንዲህ ላደርግ አልችልም። መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ግን በሬ ክፍት ነው፤ ሽቦውን በሙሉ አሳየዋለሁ።

አሁን የቀረኝ መቀመጫው ነው። ኮንታክተሩና ኮንቨርተሩ ከሥሩ ስለገቡ ከፍ ብሏል፤ እግሬ መሬት የሚነካው በጣት ነው። ስፖንጁ ተቀንሶ አዲስ ልብስ መሰፋት አለበት። መናኸሪያ አካባቢ የባጃጅ ወንበር ለሚሰፋ ሰው ሰጠሁት። "ማክሰኞ ና" አለኝ። ማክሰኞ ሄድኩ። "ማክሰኞ ብዬህ አልነበር እንዴ?" አለኝ። እስከዚያ ፌስታል የለበሰ ስፖንጅ ላይ ተቀምጬ ፍሪጅ እጠግናለሁ።