ሰው የማያውቅ ስልክ

ታኅሣሥ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ። እንዲህ ባለው ማታ ሰው ያለ ምክንያት ይከፋዋል፤ ያለ ምክንያትም ዕቃ መነካካት ያምረዋል። አዲሱ ስልክ ከካርቶኑ የወጣው እንዲህ ባለ ማታ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚሰማው ቅዝቃዜው ነው። የአሮጌው ጀርባ ፕላስቲክ ነበር። የዚህኛው መስታወት ነው፣ ጠርዙም ብረት፤ ያምራል፣ ያንሸራትታል። ስክሪኑ ስለሰፋ በአንድ እጅ ሲያዝ አውራ ጣት ላይኛው ጥግ አይደርስም። ሌላው እጅ ደግሞ ጋቢ ውስጥ ነው፤ በዚህ ወር ከጋቢ እጅ ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። የሱፍ ጓንት ለብሶ ስክሪን መንካት አይሠራም፤ ስክሪኑ የሚሰማው ከጣት የሚያገኘውን ኤሌክትሪክ ነክ ለውጥ ስለሆነ ሱፉ ይከልለዋል። አንዳንድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ የንክኪን ስሜት ከፍ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው፤ ለስስ ጓንት ይበቃል፣ ለእኛ አገር ጓንት አይበቃም።

ሻጩ አብዝቶ ያወራው ስለ ባትሪው ነው። 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን የሚለካው በሞቀ ክፍል እንጂ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ላይ በታኅሣሥ ሌሊት አይደለም። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ኃይል ለመስጠትም ይቸገራል። ስለዚህ 30 በመቶ እያሳየ ድንገት ድርግም ይላል፤ ኪስ ውስጥ ሞቅ ሲል ተመልሶ ይነሣል። ይኼ ብልሽት አይደለም። ብልሽቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ ላይ መሰካት ነው፤ ያን ጊዜ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። የተለጠፈው ሁሉ አይመለስም፣ ባትሪውም በዚያው ልክ ያንሳል። በውርጭ አድሮ የመጣ ስልክ ቤት ውስጥ ጥቂት ይቆይና ከዚያ ይሰካ። ምድጃ አጠገብ ግን አይደለም፤ ድንገት ሲሞቅ ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

ሌላው ባትሪ በሊታ ኔትወርክ ፍለጋ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ገደሉ ሲግናሉን ይቆርጠዋል፤ ስልኩም ተስፋ ስለማይቆርጥ የማሰራጫ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ማማ ይፈልጋል። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ባትሪው ለምን እንደወረደ የማይገባቸው ሰዎች አሉ። መውጫው የአውሮፕላን ምልክቷን ነክቶ ፍለጋውን ማስቆም ነው።

ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወሩ ራሱ ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ካልሳቱት። ሁለቱም ስልኮች ከግማሽ በላይ ቻርጅ ይኑራቸው። አዲሱ ሲከፈት ‹ከአሮጌ ስልክ ላምጣ?› ብሎ ይጠይቃል፤ በኬብል ከሆነ ይፈጥናል፣ በዋይፋይ ከሆነ ቡና እስከ ሦስተኛው ድረስ ይጠጣል። ቴሌግራምን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ የመግቢያውን ቁጥር በኤስኤምኤስ ሲጠብቅ ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ የሚላከው አሮጌው ስልክ ላይ ወዳለው ቴሌግራም ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን አስቀድሞ ማጥፋት የለም። ዋትስአፕ ደግሞ መልእክቶቹን ይዞ የሚመጣው ከአሮጌው ላይ ባክአፕ ከተደረገ ወይም ውይይቶቹ በቀጥታ ወደ አዲሱ ከተላለፉ ብቻ ነው። የባንክ አፖች ከስልኩ ጋር ስለሚታሰሩ አዲሱ ላይ እንደገና ማስመዝገብ ይጠይቃሉ። ቴሌብር ላይ አፑ እስኪስተካከል *127# ይሠራል። በመጨረሻ አሮጌውን ለሰው ከመስጠት በፊት የጎግል አካውንቱን ከሴቲንግ ማውጣት ያስፈልጋል፤ እንዲሁ ቢጠረግ ተቀባዩ ሲከፍተው የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ሊጠይቀው ይችላል፣ ያን ጊዜ ስልኩ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ስም ዝርዝሩ የሚከፈተው። እኔም የተያዝኩት እዚያ ነው።

ስሞቹ ሦስት ቦታ ተበትነው ኖረዋል፤ ሲሙ ላይ፣ ስልኩ ላይ፣ ጎግሉ ላይ። ሲሙ ላይ ያሉት የድሮዎቹ ናቸው። ሲም ካርድ ለስም የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፤ ለአማርኛ ፊደል ደግሞ ይብሳል፣ አንዱ ፊደል የሁለት ላቲን ፊደል ቦታ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ስሙ መሐል ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ‹እትዬ አስካ›። አስካለ ናት ወይስ አስካለማርያም? ሁለቱንም አውቃለሁ።

የተላከ ኤስኤምኤስም እንዲሁ ነው፤ በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ ሲጻፍ 70 ላይ ይሞላል። እናት ለልጇ ሁለት መስመር ምርቃት ብትጽፍ የሁለት ሒሳብ ትከፍላለች። ይኼን ሳስብ ሁሌ ይቆጨኛል፤ ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም።

ወደ ስሞቹ። ፍለጋው ፊደል እንጂ ድምፅ አይሰማም። ‹ጋሼ ኃይሉ› ተብሎ የተመዘገበው ሰው ‹ሀይሉ› ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም፤ ለስልኩ ኃ እና ሀ ዝምድና የላቸውም። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። በተራም ሲቀመጡ ይራራቃሉ፤ በሀ የተጻፈው ከሁሉ በላይ ይቀመጣል፣ በኃ የተጻፈው ከ‹ቸ› በኋላ። በላቲን ፊደል የተመዘገቡት ደግሞ ለብቻቸው ተከምረዋል። አንድ ሰው በአማርኛ አንድ ጊዜ፣ በላቲን አንድ ጊዜ ሁለት ሆኖ ይኖራል፤ እንደ ሁለት ሰውም ይታያል። መፍትሔው የሲሙን ስሞች ወደ ጎግል አካውንት ማስገባት፣ ከዚያ አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሁሉንም በእሱ ማረም ነው። አሰልቺ ነው፣ ለብርድ ማታ ግን ይሆናል።

ዋናው ጣጣ ግን መጠሪያው ነው። ስልኩ ‹ስም› እና ‹የቤተሰብ ስም› ብሎ ሁለት ሣጥን ይሰጣል። የኛ ሰው ግን እንዲህ አይመዘገብም። ‹ጋሼ› የሚጀምሩት ብቻ አንድ ስክሪን ይሞላሉ፣ ‹እትዬ› የሚሉት ሌላ። ‹ዲያቆን› ተብሎ የተመዘገበው ከቀሰሰ ቆይቷል፤ ይለወጥ? ‹አከራይ› የሚለው ያለፈው ቤት አከራይ ነው ወይስ ያለፈው ያለፈው? ‹ብርድ ልብስ› የሚል አለ፤ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ‹ቧንቧ›፣ ‹ቧንቧ 2›፣ ‹ቧንቧ ደህናው›። ከሦስቱ የሚያነሣው ሁለተኛው ነው።

ይኼን ሁሉ አርሜ ልጨርስ ስል ስልኩ ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ ለድንገተኛ ጊዜ የሚደወልለት ሰው ይሙላ። ጥሩ ነገር ነው። ስልኩ ተቆልፎም ቢሆን ያገኘው ሰው ድንገተኛ የሚለውን ነክቶ ቁጥሩን ያየዋል፤ መንገድ ላይ አደጋ ቢደርስ ቤተሰብ የሚገኘው በዚያ ነው። የደም ዓይነትና የሚወሰድ መድኃኒትም ይጻፍበታል። ሁላችሁም ሙሉት።

ማን ይሁን? እማዬ መንዝ ናት፤ ኔትወርክ የሚያገኛት ጋራው ላይ ስትወጣ ነው፣ ጋራው ላይ የምትወጣውም ገበያ ስትሄድ ነው። እታለም ስልኳ ሁሌ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ቦርሳው ሁሌ ሌላ ክፍል። ትንሹ የማያውቀውን ቁጥር አያነሣም፤ በድንገተኛ ጊዜ የሚደውለው ደግሞ የማይታወቅ ሰው ነው። ጋሼ ያነሣል፣ ግን መጀመሪያ የጤናውን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ጠይቆ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ አይገባም።

ጥሪዎቹን ወደ ኋላ እያየሁ ወረድኩ። በውድቅትም ሆነ በውርጭ፣ በመጀመሪያው ጥሪ የሚያነሣ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ‹ባጃጅ ቀዩ›። ቤቱን ያውቃል፣ ሆስፒታሉን ያውቃል፣ ብድር ይሰጣል። ሣጥኑ ግን ስምና የቤተሰብ ስም ይላል። ይኼን ያህል ዘመን ‹ወንድሜ› ስለው ኖሬ አሁን ስሙን እንዴት ብዬ ልጠይቀው?